ከቦቢናው በላይ ያለችው አምፖል

ንብረት ሞቶ የተገኘው ዓርብ ጠዋት፣ በገዛ ግቢው፣ ለሬድዮው ሽቦ በገዛ እጁ ባቆመው የባሕር ዛፍ ምሶሶ ሥር ነው። መሪጌታ መንግሥቴ ኪዳን አድርሰው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የአጥሩ በር ተከፍቶ አዩ። ንብረት ደግሞ በሩን ከፍቶ የሚያድር ሰው አልነበረም፤ ቀን እንኳ ሰው እንዳይመጣበት የሚዘጋ ነበር። ገባ ብለው ተጣሩ። መልስ ሲያጡ ወደ ጓሮ ዞሩ። ሰውየው በጀርባው ተዘርግቷል፤ መሰላሉ ከጎኑ ወድቋል፤ ጭንቅላቱ የምሶሶውን ሥር ለማጥበቅ ከተኮለኮለው ድንጋይ ላይ አርፏል። ምሶሶውን ከሚወጥሩት ሦስት ገመዶች አንዱ ተቆርጦ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ከተቆረጠው ገመድ አጠገብ ማጭድ ነበረ።

ማጭዱ የማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገም። እጀታው በላም ቆዳ የተለበጠው የጎረቤቱ የአያልነህ ማጭድ ነው። አያልነህ ነሐሴ ውስጥ መብረቅ ኮርማውን ገድሎበታል፤ ያውም ለዘር ከሐሙሲት ድረስ የሚፈለግ የፎገራ ኮርማ። መብረቁን የጠራው የንብረት ሽቦ ነው ብሎ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህን ግንድ አንተ ካልነቀልከው እኔ እነቅልልሃለሁ!» ብሎ ነበር። እንግዲህ ምን ቀረ? ዓርብ እኩለ ቀን ሳይሞላ አያልነህ በወረታ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ተቀመጠ። ማክሰኞ ወደ ጎንደር ሊላክ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ገመድ እንደሆነ ሚስቱ ገላነሽም፣ እርሱም፣ ከብቶቹን የሚያግዱለት ሰዎችም ያውቁታል።

መቶ አለቃ አድማሴ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከደብረ ታቦር በጭነት መኪና መጣ። ጥቅምት ነው፣ ዘመኑም ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት። ሜዳው ገና ከክረምቱ ውኃ አልጠነፈፈም፤ መንገዱን ለቆ የወጣ ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። አድማሴ አጭር፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሰው ሲናገር ዓይኑን ይከድናል፤ የማያውቁት ተኝቷል ብለው ቃላቸውን ይለቁበታል፤ ያኔ ነው የሚይዛቸው።

«ነገሩ እንኳ ያለቀለት ነው፣ ጌታዬ» አለው የወረታው አሥር አለቃ ደሴ። «ዛቻ አለ፣ ማጭድ አለ፣ ምስክር አለ። እርስዎን ማድከም አልነበረብንም።»

«ከደከምኩ አይቀር ልየው» አለ አድማሴና በቀጥታ ወደ እስረኛው ገባ።

አያልነህ ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ ገበሬ ነው። እጁ ታስሮ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ማጭዱ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ሰኞ ዕለት ራሱ መጥቶ ተዋሰኝ። ከምሶሶው ሥር ሣር በዝቶበት።»

«ኮርማዬን ገደለብኝ ላልከው ሰው ማጭድ ታውሳለህ?»

«ጎረቤቴ አይደለም እንዴ! መስከረም ላይ በየኔታ መንግሥቴ ፊት ታርቀናል። ያን ቀን አንጀቴ አርሮ ነው የተናገርኩት። ኮርማው እኮ ልጄ ማለት ነበር፣ መቶ አለቃ።»

«ሐሙስ የት ዋልክ?»

«ሐሙሲት ገበያ። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወረታ የወረድኩት ጀንበር ከገባች በኋላ ነው፤ ሾፌሩን ይጠይቁት። ከዚያ በእግሬ ወደ ቤቴ። አንድ ሰዓት ላይ በንብረት ደጅ አልፌያለሁ፣ አልክድም። ጭር ያለ ጨለማ ነበር።»

«መብራት አላየህም?»

«ምንም አላየሁም።»

አድማሴ ዓይኑን ከደነ። «ደሞዝ የሚባለው የካምፑ ሰው ግን በዚያው ሰዓት መብራት አይቻለሁ፣ አንተም ወደ ግቢው ስትቀርብ አይቻለሁ ብሏል።»

«ዋሽቷል!» አለ አያልነህ። «ለምን እንደሚዋሽብኝ ግን አላውቅም። ክፉ አላደረግሁበትም። አላውቀውም እኮ።»

ገላነሽ ጣቢያው ደጅ ላይ ሕፃን አዝላ ቆማለች። ከዓርብ ጀምሮ አልሄደችም። አድማሴ ወጥቶ ከአጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እስቲ ስለ ንብረት ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ምን እነግርዎታለሁ? ሰው አይጠጋም፣ ሰው አያስጠጋም። ሚስቱ በወሊድ ከሞተችበት ወዲህ እንዲያ ሆነ። እኛ የምናውቀው መብራቱን ነው። ከብት አስገብተን ማለብ ስንጀምር ያቺ አንዲት መብራቱ ምሶሶው መሐል ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። አለ ማለት ነው እንላለን።»

«አንዲት ናት?»

«አንዲት ናታ! ስንት ልትሆን ኖሯል?» ሕፃኑን አስተካክላ አዘለች። «ሐሙስ ዕለት አልበራችም። ታሞ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ላሟ እየረገጠች አስቸገረችኝና ቀረሁ። ብሄድ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ!» አለችና አለቀሰች።

ደሞዝ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ የሬድዮ ሠራተኛ ነው። ካምፑ ከንብረት ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከሲታ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ሲቀመጥ ጣቶቹ ጠረጴዛ ላይ ዝም የማይሉ። ሁለት ዓመት ወረታ ሲኖር ስሙን የሚያውቁት ከአምስት ሰው አይበልጡም።

«ሐሙስ ያየኸውን ንገረኝ» አለው አድማሴ።

«አንድ ሰዓት ላይ በአውራ ጎዳናው ስሄድ አምፖሎቹ ይበሩ ነበር። በሬድዮው ሞርስ እየመታ፣ በጣቱ መልእክት እየላከ ነበር ማለት ነው፤ ሲመታ ነው የሚበሩት። ከዚያ አያልነህ ወደ አጥሩ ሲጠጋ አየሁ።»

«አምፖሎቹ አልክ?»

«ሁለቱ አምፖሎች። አንዱ ከቦቢናው እግር፣ አንዱ ከራሱ ላይ።»

«ሁለቱም በርተው ነበር?»

«እኩል።»

«እኩል መሆናቸውን ከመንገድ ላይ ለየህ?»

«እኩል ነዋ!» ደሞዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «አንድ ሽቦ አይደለም እንዴ? የገባው ያው ነው የሚወጣው።»

«አንተ እዚያ ግቢ ገብተህ ታውቃለህ?»

«ገብቼ አላውቅም። ከሰውየው ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበረንም።»

አድማሴ አመሰገነውና አሰናበተው። ግቢውን ገብቶ የማያውቅ ሰው አምፖሎቹ የት የት እንዳሉ ማወቁን ልብ ብሏል። ግን እርሱም የሬድዮ ሰው ነው፤ ከሩቅ አይቶ ሊገምት ይችላል። ሰውን በዚህ ብቻ አያስሩም።

ከሰዓት በኋላ አድማሴ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ሸዋዓለም ጠበቀው፤ የንብረት የእናት ልጅ፣ ከአንበሳሜ ዓርብ ማታ የደረሰ።

«ቀባሪ ሳይሆን ወራሽ ነህ ይሉሃል» አለው አድማሴ ፊት ለፊት።

«ይበሉ! መሬቱን ጠይቄው ነበር፣ እውነት ነው። የእናታችን ርስት ነው፣ ግማሹ ይገባኛል። ሐሙስ ግን አንበሳሜ ተዝካር ላይ ድንኳን ስተክል ነው የዋልኩት፤ አርባ ሰው አይቶኛል።» ቀጥሎም፣ «ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም፣ መቶ አለቃ። አሁን ልናገረው ብል የት አገኘዋለሁ?» አለ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አንድ መደብ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ በርጩማ። አድማሴ በርጩማውን ቆሞ አየው። እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጥበት የለም፤ እንግዳ አይመጣም ማለት ነው። እርሱም ደብረ ታቦር ባለው ቤቱ ውስጥ ያሉትን በርጩማዎች በልቡ ቆጠረና ደስ አላለውም። ግድግዳው ሥር ንብረት ከኮርያ ዘመቻ መልስ በፈቃድ የገዛው የሠራዊት ሬድዮ፣ ሁለት የመኪና ባትሪ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የሞርስ መምቻ። ከመምቻው አጠገብ ወፍራም ደብተር።

ጓሮ ወጥቶ ምሶሶውን ቀና ብሎ አየ። ከላይ እስከ ታች ሽቦ ወርዶበታል፤ ሽቦው መካከል ላይ እንደ ክንድ የወፈረ ቀርከሃ ላይ የተጠመጠመ መዳብ አለ። ሾፌሮች ለመኪናቸው የሽቦ ጥቅል የሚሉትን ስም ንብረትም ለዚህ ሰጥቶት ቦቢና ይለዋል። ከጥቅሉ በታች አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ከጥቅሉ በላይ ሌላ። የቦቢናው የላይ ጫፍ ግን ከሽቦው ተፈትቶ ተንጠልጥሏል።

«ይሄን እናንተ ናችሁ የፈታችሁት?»

«ማን ይነካዋል!» አለ ደሴ። «ሁሉም ይፈራዋል።»

«እንግዲያ ንብረት ነው የፈታው። ሲወድቅ ይሄን እየፈታ ነበር።» አድማሴ ከላይ የተንጠለጠለውን ጫፍ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «በጨለማ መሰላል ላይ ወጥቶ ይህን የመሰለ ቀጭን ቋጠሮ የሚፈታ ሰው አለ፣ ደሴ?»

«አእምሮው ካልታመመ የለም።»

ከዚያ አድማሴ በዚያች አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ከፈተ። ስለ ሬድዮ የሚያውቀው የዜና ሰዓት ብቻ ነው፤ ንብረት ግን ለራሱ ሲጽፍ እንኳ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ አድርጎ ይጽፍ ነበር። የሚሰማው ሰው አጥቶ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሬድዮው ረጅም ሽቦ ይፈልጋል፤ ምሶሶው አጭር ነው። አጭሩን ረጅም ለማስመሰል መካከሉ ላይ ቦቢና ይገባል። ንብረትን ሁለት ዓመት እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ ታዲያ አንድ ነው፤ ከቦቢናው ሥር የሚገባው ኤሌክትሪክ ያህል ከራሱ ይወጣል ወይ? በስሌት ሠርቶታል፦ ከታች አሥር ከገባ ከላይ አምስት አይሞላም። ሽቦውን እየከፋፈለ በየክፍሉ ያለውን መጠን አስልቶ በመስመር ሥሎታል፤ መስመሩ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ከዚያ ስሌቱን በዓይኑ ሊያይ አምፖሎቹን አሰረ። አርባ አንድ ምሽት ጽፏል። አርባ አንዱንም ምሽት የታችኛዋ ትበራለች፣ የላይኛዋ ፍም ያህል እንኳ አትቀላም።

ከዳር ዳር ደግሞ አንድ ስም ይመላለሳል። «ገብረማርያም ዛሬም አልተቀበለኝም። አንድ ሽቦ ነው፣ የገባው ያው ይወጣል ይላል። መጥቶ ቢያይ ይቀበል ነበር።»

አድማሴ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ መሪጌታ መንግሥቴን አስጠራቸው።

«የኔታ፣ ገብረማርያም ማነው?»

«ወዳጁ ነዋ! ድሬዳዋ ነው ያለው፤ ማታ ማታ በዚህ በሽቦው የሚያወራው። አይ ንብረት! ሚስቱን ስንቀብርለት እንባ አልወጣውም፤ ለእኛ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለገብረማርያም ግን አልቅሼ ነገርኩት ብሎኛል። በጣት መትቶ እንዴት እንደሚለቀስ እንጃ። ኅዳር ላይ ድሬዳዋ ድረስ ሊጠይቀው ቆርጦ ነበር፤ ስንቅ እንኳ አዘጋጅቷል።»

«ለገብረማርያም ነግሮታል?»

«ምን ጥርጥር አለው።»

አድማሴ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች አለፈ። ንብረት ቦቢናው ለመስማትም ይጠቅም እንደሆነ ሊያውቅ ፈልጎ የሚሰማቸውን ጣቢያዎች ድምፅ ከዘጠኝ ነጥብ ሰጥቷል። አሥመራ አንድ ቀን አምስት፣ አንድ ቀን ሁለት፤ ናይሮቢ አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ የለም። የሩቅ ድምፅ እንደ ሰማዩ ሁኔታ ከፍ ዝቅ ይላል ብሎ ጽፏል። ገብረማርያም ግን ሁልጊዜ ዘጠኝ። ዝናብ ይሁን ብራ ይሁን ዘጠኝ። የረቡዕ ማታው ጽሑፍ የመጨረሻው ነው፦ «የምሶሶውን ሽቦ ትቼ ክንድ በምታህል ሽቦ አዳመጥኩ። አሥመራ ጠፋ። ናይሮቢ ጠፋ። ገብረማርያም ዘጠኝ። ሽቦውን በሙሉ ከሬድዮው ነቀልኩት። ገብረማርያም ዘጠኝ።» ከዚያ መስመር ዘሎ፣ «የት ነው ያለኸው?» ብሎ ጠይቆታል። መልስ አልተጻፈም።

አድማሴ ደብተሩን ዘጋው። ብዙ የግድያ ነገር መርምሯል፤ እንዲህ ያለ ኀዘን ግን ገጥሞት አያውቅም።

እሑድ ጠዋት ካምፑ በር ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሌ ዘበኛ፣ አያ ደብሬን፣ አነጋገረ።

«የካምፑ ሬድዮ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው፣ አያ?»

«ጠዋት ነው። ደሞዝ ግን ማታ ማታም ክፍሉን ዘግቶ ይመታል። ትርፍ ሥራ ነው ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጀንበር ስትገባ፣ አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም። ምስኪን ነው፤ ሌላ የሚሄድበት የለው።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ በአሥር ሰዓት ወጣ። ጀንበሯ ሳትጠልቅ ተመለሰ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ከዚያ አልወጣም። ሲመታ አመሸ። ዓርብም መታ። ትናንትም።»

«ትናንትም?» አለ አድማሴ።

«ትናንትማ ብሶበት ነበር።»

እሑድ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አድማሴ ሰዎቹን ሁሉ በንብረት አጥር ፊት፣ አውራ ጎዳናው ላይ ሰበሰበ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ሸዋዓለም ክንዱን አጣምሯል። አያልነህ እጁ እንደታሰረ ነው፤ ገላነሽ ከጎኑ አልተለየችም። አያ ደብሬ አሉ። ደሞዝ ከሁሉም ራቅ ብሎ ቆሟል። ቀን ላይ ደሴ ፈራ ተባ እያለ መሰላሉን ወጥቶ ገመዱንም የቦቢናውንም ጫፍ መልሶ አስሯል፤ አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ መምቻው አጠገብ ተቀምጧል።

«ደሴ!» ሲል ተጣራ አድማሴ። «ተጫነው!»

ምሶሶው መሐል ላይ ቀይ መብራት ፈካ አለች።

«የኔታ፣ ስንት መብራት ያያሉ?»

«አንድ።»

«ገላነሽስ?»

«አንድ። ያችው ናት።» ገላነሽ መብራቷን ስታይ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«አቶ ደሞዝስ?»

ደሞዝ አንገቱን አስግጎ ያያል። አድማሴ አጥሩን ከፍቶ ሁሉንም እስከ ምሶሶው ሥር ወሰዳቸው። እዚያም ቢሆን ያው ነው። የታችኛዋ አምፖል ታበራለች፤ የላይኛዋ ጨልማለች።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ አድማሴ። «ከሸዋዓለም ልጀምር። አርባ ሰው አንበሳሜ አይቶታል፤ እርሱን ተውት። አያልነህ ወረታ የወረደው ጀንበር ከገባች በኋላ ነው፤ ሾፌሩን ጠይቄያለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፤ ንብረት የሞተው በቀን ነው በማታ? በማታ ከሆነ አያልነህ ያሠጋዋል። በቀን ከሆነ ግን እርሱ ሐሙሲት ነው። ሲወድቅ የቦቢናውን የላይ ጫፍ እየፈታ ነበር፤ ይህ በጨለማ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ጫፉ ከተፈታ በኋላ ደግሞ መብራቷ እንደ ወትሮዋ አትበራም፤ ያን ምሽት ገላነሽም አላየቻት፣ አያልነህም አላያት። አንድ ሰው ብቻ አንድ ሰዓት ላይ ሲበራ አየሁ አለን። ማታ የሞተ ለማስመሰል የፈለገ ሰው።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ደሞዝ ቀስ ብሎ። «ሌላ ቀን ያየሁትን።»

«ሌላ ቀንም አላየህም። የዚህ አገር ሰው ሁሉ፣ ላም የምታልበው ሴት እንኳ፣ መብራቷ አንዲት እንደሆነች ያውቃል። ሁለት እኩል መብራት ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። ለምን? በዚህ ሰዓት እዚህ መንገድ ላይ ቆመህ ስለማታውቅ ነው። ንብረት በሚመታበት ሰዓት ሁሉ አንተ ካምፕ ውስጥ መምቻህ ላይ ነበርክ፤ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳታጓድል። ሐሙስ ብቻ በአሥር ሰዓት ወጥተህ፣ በጭቃው አቋርጠህ፣ ጀንበር ሳትገባ ተመለስክ። አንድ ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ነበርኩ አልከኝ፤ አያ ደብሬ ግን ክፍልህ ውስጥ ስትመታ ሰምተውሃል። ለማን ነበር የምትመታው?»

የደሞዝ ጣቶች መነቃነቅ አቆሙ።

«የሬድዮውን ሽቦ በሙሉ ነቅሎ እንኳ ድምፁ ያልቀነሰ ወዳጅ ድሬዳዋ ሊሆን አይችልም፤ ጎረቤት ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ሁለተኛ ሬድዮ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው። የገባው ያው ይወጣል ብሎ ሁለት ዓመት የተከራከረውም እርሱ ነው፤ ቅዳሜ ለእኔም በቁጣ ተከራከርከኝ። አምፖሎቹ የት የት እንዳሉ የነገረህም ንብረት ራሱ ነው፣ በሬድዮው። ገብረማርያም ማነው፣ ደሞዝ?»

መሪጌታ አማተቡ። ደሞዝ ግን አድማሴንም፣ ሰዎቹንም አያይም። ዓይኑ ከቦቢናው በላይ ባለችው በጨለመችው አምፖል ላይ ተተክሏል።

«ልክ ነበረ» አለ። «ስሌቱ ልክ ነበረ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«የካምፑን ሬድዮ ለግል ማናገሪያ ማዋል ክልክል ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲጣራ ሰማሁት፤ መልስ የሚሰጠው አልነበረም። መለስኩለት። የት ነህ ሲለኝ ፈራሁና ድሬዳዋ አልኩ። በማግስቱ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ ስለ ሚስቱ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልበለው? ረቡዕ የት ነው ያለኸው ሲለኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሐሙስ ራሴን ይዤ መጣሁ። መሰላሉ ላይ ሆኖ ቦቢናውን እየፈታ ነበር። ገብረማርያም እኔ ነኝ አልኩት። ከላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ አየኝ። ገብረማርያም ሞቷል አለኝና መፍታቱን ቀጠለ። ለሹምህ ነግሬ ከዚህ አገር አስነቅልሃለሁ አለኝ። ውረድና ፊቴን እየኝ ብዬ መሰላሉን ነቀነቅኩት። ልጥለው አልነበረም። እግዜር ያውቃል፣ ልጥለው አልነበረም!»

«መሰላሉን ዳኛ ይየው» አለ አድማሴ። «ማጭዱን አንሥተህ ገመዱን የቆረጥከው ግን ወዳጅህ ከሞተ በኋላ ነው። የአያልነህን ዛቻም፣ ማጭዱን ከእርሱ መዋሱንም ንብረት ማታ ማታ ነግሮሃል። ያኔ እጅህ ታዘዘልህ።»

«ታዘዘልኝ» አለ ደሞዝ።

«ከሞተ በኋላስ ለምን ስትመታ አመሸህ?»

«በዚያ ሰዓት ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

አድማሴ ወደ አያልነህ ሄዶ እጁን ፈታለት። ገላነሽ እልል አላለችም፤ የባልዋን የእጅ አንጓ ይዛ ገመዱ ያቀላውን ቆዳ ታሻለት ጀመር። አያልነህ በዝግታ እጇን አስለቀቀና ደሞዝ ፊት መጥቶ ቆመ። ሁሉም ይመታዋል ብለው ጠበቁ።

«ልታሰቅለኝ ነበር እኮ!» አለው። «ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀር!» ከዚያ ቁጣው ውስጥ ሌላ ነገር ገባ፤ ምን እንደሆነ ራሱም አላወቀውም። «እኔ የማይገባኝ፣ አንተ ሰው፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አትርቅም። ምን ድሬዳዋ ያሰኝሃል? በእግርህ መጥተህ፣ በሩን አንኳኩተህ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብላችሁ ብትጫወቱ ምን ነበረበት?»

ደሴ ከቤት ወጥቶ የደሞዝን እጅ ወደ ኋላ አድርጎ ማሰር ጀምሯል።

«መጥቼ ነበር» አለ ደሞዝ። «አምና፣ ለጥምቀት። በሩን አንኳኳሁ። ገርበብ አድርጎ ከፈተና ከገብረማርያም ጋር የምነጋገርበት ሰዓት ደርሷል፣ ሂድልኝ አለኝ። እንዳላስጠብቀው ሮጬ ወደ ካምፑ ተመለስኩ።»